ክንፉ ላይ ያለችው ስንጥቅ

«ማን ላከህ?»

ማታሌና ይህን ስትል ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እግሯ የስፌት መኪናዋን ይረግጣል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ እንደ አገሩ ልማድ ግድግዳ ከሌለው ቤቷ ጫፍ ላይ ምሰሶ ተደግፎ ተቀመጠ።

«ማንም አልላከኝም። እግሬ ነው ያመጣኝ።»

«እንግዲያው እግርህ ይመልስህ!»

ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነው። ከደሴቷ ዋና ከተማ ከአፒያ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ የባሕር ዳር መንደር ይህን የማያውቅ የለም። ማታሌና ዋስ ለሌለው ሰው አትሰፋም። እሷ የሰፋችውን የለበሰች ሴት፣ አዲሷን በእጇ ይዛ መጥታ «ይቺን እኔ አውቃታለሁ» ማለት አለባት። ማስታወቂያ የላት፣ ታፔላ የላት። እናቷ መኪናውን ስታወርሳት «ጨርቅ የትም ይገኛል ልጄ፣ ሰው ነው የማይገኘው። በሰው እጅ የመጣ ሰው ሊያታልልሽ ያፍራል፤ አንቺም ልታታልዪው ታፍሪያለሽ» ብላት ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ እውነቷን ነው።

አለካኳስ ቢሆን! የመዘምራን ልብስ ስትሰፋ ሴቶቹን እያዘመረች ነው የምትለካቸው። «ዝም ብላ የቆመች ሴት ደረትና የምትዘምር ሴት ደረት አንድ አይደለም» ትላለች። ዜማውን ከፍ አድርገው ሲይዙት፣ ያኔ ነው ሜትሩን የምትጠመጥመው።

«ልብስ ላሰፋ አይደለም» አለ ሰውየው። «ላፋኤሌ እባላለሁ፣ ከሳቫይ ደሴት ነኝ። ጨርቅ ላይ የሚታተመውን የእንጨት ሰሌዳ እቀርጻለሁ። ያንቺን ሥራ ቤተ ክርስቲያን አይቼው ነው...»

«ምኑን አየኸው?»

«ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ጌታ ሲያነሱ ልብሱ አይጎትታቸውም። አብሯቸው ይዘምራል።»

የማታሌና እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችው። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ዓይኑ ግን... ፊቷ ሲሞቃት ተሰማትና ቶሎ ተቆጣች።

«ምላስህ ከመሮህ የባሰ ስለታም ነው! ዋስ ይዘህ ና።»

ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ የመዘምራኑን አለቃ እማማ ሉሲያን ይዞ። እማማ ሉሲያ ግዙፍ ናት፤ ማራገቢያዋ ከእጇ አይለይም። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ይሄን ልጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አውሎ ነፋሱ የገነጠለውን የቤተ ክርስቲያናችንን በር የሠራው እሱ ነው። ይኸው እስካሁን ሲጢጥ አላለም። ለእጁ ዋስ ነኝ። ለሌላው ለሌላው አንቺው እዪው።»

«ሌላው ደግሞ ምንድነው እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! እኔ በር ነው የማውቀው።»

ሦስቱም ሳቁ።

ለካ የእማማ ሉሲያም ሐሳብ ሌላ ነበር። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሊመረቅ ነው፤ የአካባቢው መዘምራን ሁሉ ይመጣሉ። የእሷ መዘምራን ልጆች ማንም ያልለበሰውን ጥለት መልበስ አለባቸው። ማታሌና ቃል ገባች። ያውም በቀስታ አይደለም፤ ጮክ ብላ።

«ይህ ጥለት የእናንተ ብቻ ነው! ሌላ ሰው ላይ ካያችሁት ይህን መኪናዬን አንስታችሁ ባሕር ክተቱት!»

ላፋኤሌ ደጇ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቀርጽ ጀመር።

«ምን ልቅረጽልሽ?»

«የባሕር ወፍ። ነጯን። ክንፏን ዘርግታ።»

እሱ ሲቀርጽ እሷ ትሰፋለች። ሳታውቀው ታንጎራጉራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ዜማውን ከፍ ስታደርገው ላፋኤሌ ዓይኑን ከእንጨቱ አነሳ... መሮው አዳለጠው! ክንፉን አቋርጣ ቀጭን ስንጥቅ ወጣች።

«ወይኔ! ሌላ እንጨት ላምጣ።»

ማታሌና ጎንበስ ብላ አየችው። «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?»

«የት እንደጣልኩት ታውቂያለሽ።»

ስንጥቋን በጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ ቀስ ብላ «ተወው» አለችው። «እንዲህ ያለ ክንፍ ሌላ የትም የለም።»

ሲታተምም ስንጥቋ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ሆና ክንፉ ላይ ቀረች። ጠጋ ብሎ ያላየ አያያትም። ሁለቱ ግን ያውቋታል። ሰሌዳውም እዚያው ማታሌና ቤት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣላታል። «ማን ላከው?» ትለዋለች። «እግሬ» ይላታል። ሠላሳዎቹን ልታገባድድ የደረሰችው፣ መንደሩ «ቆማ ቀረች» የሚላት ማታሌና፣ ያ ሳቋ የት ተደብቆ እንደኖረ እግዜር ይወቀው።

ወንድሟ ቶማሲ ግን አይስቅም ነበር። ቶማሲ ታላቋ ነው፤ የቤተሰቡን የአለቅነት ማዕረግ የያዘው እሱ ነው። በእነሱ ወግ ወንድም እህቱን ያከብራል፣ እህትም ወንድሟን። በሁለቱ መሃል የሚገባ ሰው እንደ ነውረኛ ነው የሚታየው። ቶማሲ ጀርባዋ መኪናው ላይ ሲጎብጥ እያየ ያዝናል። የሚያዝነውን ግን በአፉ አይናገርም።

የምረቃው ቀን ደረሰ።

የእማማ ሉሲያ ልጆች ገቡ፤ ክንፍ በክንፍ ሆነው! ሰው ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ወዲያው የጎረቤት መንደር መዘምራን በሌላው በር ገቡ።

እነሱም ያንኑ ክንፍ ለብሰዋል።

የእማማ ሉሲያ ማራገቢያ ቀጥ አለ። ዞር ብላ ማታሌናን አየቻትና ፊቷን አዞረች። ከጸሎቱ በኋላ ጎደሬው በኮኮናት ወተት ቀርቦ፣ አሳማው ተቆርጦ፣ ሰው ሁሉ በየድንኳኑ ሲቀመጥ ማታሌና አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም። ላፋኤሌ ወንድሟ ካለበት ድንኳን አጠገብ ቆሟል። እየተንደረደረች ሄደች።

«ስንት ሰሌዳ ቀረጽክ?»

«አንድ።»

«ታዲያ ያ ከሰማይ ወረደ? ሌላ ቀርጸህ ሸጥክላቸው! ስሜን ሸጥከው!»

ላፋኤሌ ቶማሲን አየው። ቶማሲ መሬት መሬት ያያል።

«የቀረጽኩት አንድ ነው ማታሌና» አለ ላፋኤሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ ሌላ የምናገረው የለኝም።»

«እንግዲያው ሂድ! እግርህ ይመልስህ!»

ሄደ። በዚያው ቀን በመርከብ ወደ ሳቫይ ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ሰው ቀረ። ማንም ማንንም ይዞ አይመጣም። የተጀመረ ልብስ ያላቸው እንኳ «ጨርቄን መልሺልኝ» አሉ። ማታሌና ባዶ ቤት ውስጥ መኪናዋን ትወለውላለች፣ ትጸልያለች፣ እንደገና ትወለውላለች። ሲመሽ ጆሮዋ የመሮ ድምፅ ይፈልጋል። በራሷ ትናደዳለች።

በዚህ መሃል ፔሌቲ መጣ፤ ከተማ ውስጥ ትልቁ የልብስ ሱቅ የሱ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነው ያናገራት።

«ማታሌና፣ እንግዲህ ሰው ጥሎሽ ሄደ። እኔ ጋ ነይ። የተዘጋጀ ልብስ አለኝ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። አንቺ ስምሽን አንገቱ ላይ እንድንለጥፍ ብቻ ፍቀጂ። መቀመጥ ነው ሥራሽ።»

«ለማን ነው የተሰፋው?»

«ለማንም።»

«ለማንም የተሰፋ ለማንም አይሆንም! ስማ ፔሌቲ፣ ያልለካሁት ሰው አንገት ላይ ስሜን አላስርም። ብራብ ዓሣ አጠምዳለሁ። መኪናህን አዙር!»

አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ቶማሲ ከዛፉ ሥር ሁሉንም ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

ከቀናት በኋላ አንዲት ልጅ በፌስታል ልብስ ይዛ ብቻዋን መጣች። ከጎረቤት መንደር መዘምራን ናት። ማታሌና ከልማዷ አልወጣችም።

«ማን ላከሽ?»

«ብብቴ!» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየመጣ። «ከፔሌቲ ሱቅ የገዛነው ነው። እጄን ለጌታ ላነሳ ስል ብብቱ ሲጥጥ ብሎ ይተረተራል። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ዋስ የለኝም፣ ግን የት ልሂድ?»

ማታሌና ሳታስበው ፈገግ አለች። «በይ አምጪው፣ ብብትሽን ዋስ አድርጌ ልቀበልሽ።»

ልብሱን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። መቀሷን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ክንፉን አቋርጣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር።

ሌላ ሰሌዳ አልተቀረጸም! እሱ ዓይኑን ከእንጨቱ ያነሳባት፣ ያቺው ስንጥቅ ናት። የታተመው በዚያው በአንዱ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ደግሞ ከእሷ ቤት ወጥቶ አያውቅም... ወይስ ያወጣው አለ?

ቶማሲ ምሳ እየበላ ነበር። ልብሱን ፊቱ አስቀመጠችው።

«ሰሌዳውን ማን ወሰደው?»

የጨበጠውን ጎደሬ መልሶ አስቀመጠ።

«ፔሌቲ... ልየው ብቻ ነው ያለኝ። በማግስቱ መለሰው። ሥራሽን ካየ ይቀጥርሻል ብዬ ነው፣ እህቴ። ጀርባሽ ጎበጠ እኮ! ያትምበታል ብዬ በእግዚአብሔር ስም አላሰብኩም።»

«ላፋኤሌ ያውቅ ነበር?»

«ጠቅልዬው አውቶቡስ ስሳፈር አይቶኛል።»

ማታሌና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አውቆ ነው ዝም ያለው። እሷንና ወንድሟን ላለማለያየት ስድቧን ጠጥቶ ሄደ። እሷስ? በሰው ሁሉ ፊት...

እንባዋን በሜትሯ ጠረገችና ተነሳች። መጀመሪያ የሄደችው እማማ ሉሲያ ልጆቿን ወደምታለማምድበት ነው። ሰሌዳውን ተሸክማ ገባች። ዝማሬው ቆመ።

«ሰሌዳው የወጣው ከኔ ቤት ነው» አለች፣ አንገቷን ሳትደፋ። «ቀራጩ ንጹሕ ነው። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። መኪናዬ ቤቴ አለ፤ ባሕር መክተት የምትፈልጉ ኑና ክተቱት። ካልከተታችሁት ግን ሁላችሁንም እንደ አዲስ እሰፋላችኋለሁ፣ ያለ አንድ ሳንቲም። አሁን ዘምሩ፣ ልለካችሁ!»

እማማ ሉሲያ ማራገቢያዋን ቀስ ብላ ማወዛወዝ ጀመረች።

«የሰፋሽውን ሳይሆን የተናገርሽውን ነው ያየሁት» አለች። «ሴቶች፣ ዘምሩላት!»

ነገሩን የሰሙት የጎረቤት መንደር መዘምራንም ልብሳቸውን ሰብስበው ፔሌቲ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከመሩለት።

ትልቁ ነገር ግን ቀርቶ ነበር።

«ስሱን ሰሌን አውርድ» አለችው ቶማሲን። «ሳቫይ እንሻገራለን።»

ደነገጠ። ያ ሰሌን የቤተሰቡ ክብር ነው፤ አያቶቻቸው የጎነጎኑት። በእነሱ ወግ የበደለ ሰው ጎሕ ሳይቀድ የተበደለው ሰው ደጅ ሄዶ፣ ሰሌኑን ራሱ ላይ ደርቦ ይቀመጣል። የተበደለው መጥቶ ሰሌኑን ካነሳለት ይቅር ተባለ። ካላነሳለት ፀሐዩም ዝናቡም ይወርድበታል።

«እኔ እኮ አለቃ ነኝ ማታሌና። ለእንጨት ቀራጭ...»

«አለቃ ከሆንክ እንደ አለቃ ተቀመጥ!»

ላፋኤሌ ደጅ ሲደርሱ ገና ዶሮ አልጮኸም። ቶማሲ ተቀመጠና ሰሌኑን ደረበ። ማታሌናም ጫፉን ገልጣ ከሥሩ ገባች።

«አንቺ ውጪ፣ ለሁለታችንም እኔ እበቃለሁ» አለ ቶማሲ በሹክሹክታ።

«በአፌ የበደልኩት እኔ ነኝ። አልወጣም!»

ነጋ። መንደርተኛው ወጥቶ ያይ ጀመር። «ማናቸው?» ይላሉ። «ሁለት ራስ ነው ያለው!» ፀሐዩ በረታ። ከሰሌኑ ሥር ላብ በዓይኗ ይገባል። በልቧ «ጌታዬ፣ ባያነሳውም እውነት አለው» ትላለች። «ግን አስነሳልኝ...»

ኮቴ መጣ። አጠገባቸው ቆመ። ብዙ ቆመ።

ከዚያ የሰሌኑ ጫፍ ቀስ ብሎ ተነሳና ብርሃን ገባ። መጀመሪያ ያየችው ቅንድቡን ነው፤ ያው የእንጨት ብናኝ አለበት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማን ላከሽ?» አላት።

«እግሬ» አለች።

ቶማሲ ቀና አለ። «እኔም ዋስ ነኝ» አለ። «ሰሌዳውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ግን ክብሬን ጠበቅክልኝ። እህቴን በእጄ ይዤ መጥቻለሁ። ይቺን እኔ አውቃታለሁ።»

ላፋኤሌ ሰሌኑን ሙሉ በሙሉ ከላያቸው አነሳው። እጁን ለማታሌና ዘረጋላት።

«እንግዲያው እግርሽ አይመልስሽ!»

ሠርጋቸው በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የእማማ ሉሲያ ሴቶች ተማክረው «ጥለቱ የኛ ነው፤ ለአንቺ ግን ፈቅደናል» ስላሏት ባለ ክንፉን ለበሰች። ያ ሰሌዳ ከዚያ ወዲህ አልታተመበትም፤ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ ሲገቡ መዘምራኑ ዜማውን ከፍ አድርገው፣ ሁሉም እጃቸውን ወደ ጌታ አነሱ።

አንድም ብብት አልተተረተረም።