ከዝርዝሩ የወጣችው ቡሬ

«ለአንቺ የሚጠቅምሽ ወሬ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ወንዳወቅ።

ወንዳወቅ የበቆሎ ተባይ ተመራማሪ ነው፤ ቡሬ የመጣው በእኛ ማሳ ላይ ሊያጠና ነው። ስለ አዳዲስ ጥናቶች በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ግን ስለ ዓሣውም፣ ስለ ጥጡም፣ የማይመለከተው ሁሉ ይጎርፍበታል። እኔ ልጄን ያምሮትን ብቻዬን እያሳደግኩ የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ነበር። ማንበብ እንድለማመድ ስልኩን ሰጠኝ፤ ከየመልእክቱ ስር «ይጠቅማል» ወይም «አይጠቅምም» የሚለውን እንድነካ። መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም ከምርጫዬ እየተማረ የተሻለውን ይልካል አለኝ።

ሁሉንም «ይጠቅማል» አልኩ። በማግስቱ ዓሣው እጥፍ ሆኖ መጣ።

«ኧረ አልጣሽ! ዓሣ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

«ታዲያ ደጅ ድረስ የመጣን መልእክተኛ አልፈልግህም ይባላል እንዴ፣ ጌታው? እርስዎ ይችሉበታል?»

ሳቀ። ሳቁ ካለቀም በኋላ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። አቀረቀርኩ።

«እምቢ ማለት ልመጂ» አለኝ። «ደግሞ አንተ በይኝ።»

ሁለቱንም ለመድኩ።

የሚሻቸውን ቃላት በዝርዝር ይጽፍ ነበር፦ ተባይ፣ በቆሎ፣ ቡሬ። ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት «ቡሬ»ን ነው።

«ተባይማ ስንት ዓይነት አለ! አገዳ የሚበላ ብለህ ጻፍ እንጂ» አልኩት።

ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ የእኛን ማሳ ያየ ሰው የላከው ይመስል ነበር።

በጳጉሜን «ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። ያምሮት ድምፁን ስትሰማ መሮጥ ለምዳለች። እየፈራሁ ለአባቴ ነገርኳቸው።

መስቀል አለፈ። አንድ ቀን እንደ ወትሮው ስልኩን ትቶልኝ ማሳ ወረደ። መልእክቱ ሁሉ ስለ አሰላ ስንዴ ነው። ተሳስቶ ነው ብዬ «አይጠቅምም» እያልኩ ነካሁ፣ ነካሁ። አላስቻለኝም፤ ዝርዝሩን ከፈትኩ፤ ስንዴ፣ አሰላ ይላል። በቆሎ የለም። አገዳ የለም። ቡሬ የለችም። ከፍቼ አነባለሁ ብሎ አልጠረጠረኝም።

ሲመለስ «መቼ ነው የምትሄድ?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ያስተማርከኝ ፊደል።»

ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየ።

«ዝውውሩ የተፈቀደው ሐምሌ ላይ ነው» አለ።

«ሐምሌ? ሽማግሌ ያልከኝ በጳጉሜን አይደለም ወይ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ... እደውልልሻለሁ።»

«አይጠቅምም» አልኩት።

ሽማግሌ እንደማይመጣ ለአባቴ ራሴው ነገርኳቸው። ጥቅምት ሦስት ቀን እሱ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ አሰላ ሄደ። እኔና ያምሮት ቡሬ ቀረን።