ሾርባው የወፈረበት ቀን

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ወንዙ ግድቡን ጥሶ የታችኛውን ሰፈር ከጠረገው ከወራት በኋላ፣ በአሮጌው የትምባሆ መጋዘን የተከፈተው የእርዳታ ጣቢያ እንዲህ ነበረ፤ በአዳራሹ ዳር አራት ታላላቅ የብረት ድስቶች በጡብ ምድጃ ላይ ተጥደዋል፤ በግድግዳው ላይ ጎርፉ የደረሰበት ቡናማ መስመር ከሰው ትከሻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሕዝቡ ጣሳውን ይዞ በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ሾርባው አተርና ገብስ ነው። ትምባሆው ከተነሣ ዘመን ቢያልፍም ሽታው ከጣውላው አልለቀቀም ነበርና፣ ተረጂዎቹ «መንግሥት ሲያበላን ጢሱን ጨምሮ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከእርዳታ ኮሚሽኑ የተላከው መርማሪ ከመጀመሪያው ድስት አጠገብ ቆሞ ጭልፋውን ወደ ታች አወረደ።

ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት የሚዛንና የስፍር ተቆጣጣሪ ነበር፤ የሥጋ ሻጭ ጣት ሚዛን ላይ ስታርፍ ከመንገድ ማዶ ያያል ይባልለት ስለ ነበር ባልደረቦቹ «ሚዛኑ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ኮሚሽኑም ጣቢያዎቹን እየዞረ እንዲመረምር፣ በመጨረሻም ከደረሰው መከራ የተገኘውን ትምህርት ጽፎ እንዲያቀርብ ሾመው። ምሳ ቢጋብዙት አይቀመጥም፤ ቢያሞግሱት አይሰማም። ጭልፋውን እስከ ድስቱ ሥር አውርዶ ያወጣና ቀስ ብሎ ያጋድለዋል፤ ሾርባው እንደ ክር ሳይቋረጥ ከወረደ ቀጭን ነው፤ እየተቆራረጠ ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው። ባለፈው ክረምት በላይኛው ከተማ ሾርባው እንደ ክር ወርዶ ቢያገኘው ያንኑ ጻፈ፤ ጣቢያው ተዘጋ፣ እህሉም «በደንብ ወደሚሠሩት» ተላከ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከራሱ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። መርማሪ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ለጣቢያው በቴሌግራም ይነገር የሚለውን ደንብም ያረቀቀው እሱ ነው፤ ሹሙ በሌለበት፣ ድስቱ ባልታጠበበት የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይባልም ብሎ ያምን ነበርና።

ሾርባው እየተቆራረጠ ወረደ። በአራቱም ድስት እንደዚሁ ሆነ። መርማሪውም የጣቢያውን ሹም፣ አንድ እግሩ የማይታጠፍለትን ጡረተኛ ሻምበል፣ ጣቢያዎ ለሌሎች አርአያ ይሆናል አለው። ሻምበሉ እጅ ነሥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ መርማሪው ላቡን የምድጃው ሙቀት ነው ብሎ አለፈው።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ በዚያው ከተማ የምትኖረውን አክስቱን ሊጠይቅ ሄደ። እናቱ በልጅነቱ ስለ ሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት፤ በተዘጋ የጫማ ሰፊ ሱቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ እየሰፋች ትኖራለች። ወደ ዋናው ከተማ ይዟት ሊሄድ ደጋግሞ ለምኗታል፤ እሷ ግን ዛፍ ካረጀ በኋላ አይተከልም እያለች ትመልሰዋለች። ከጣቢያው ትረዳ እንደ ሆነ ሲጠይቃት ጎረቤት አለኝ፣ የጣቢያው ለደከመው ይሁን አለችው። ከስታለች ቢላት ሳቀች።

«ዕድሜ ነው ልጄ፤ መርፌም ሲሠሩበት ይሳሳል።»

ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የብረት ቆብ እንዳትወልቅባት በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅጥቃ ነበር። መርማሪው ይህን አየ፤ ዓይኑ የሚያልፈው ነገር አልነበረምና። አየ እንጂ አልመዘነውም።

በማግሥቱ የተሳፈረበት የፖስታ ሠረገላ ድልድዩ ተሰንጥቆ ተገኘና ተመለሰ፤ እስኪጠገን ድረስም በእንግዳ ማረፊያው ሊቆይ ሆነ። ሐሙስ ቀትር ላይ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማይሆንለት እግሩ ወደ መጋዘኑ ወሰደው። ማንም አልጠበቀውም። ከበሩ እንደ ገባ ከሰልፉ ፊት ያለ ባለ ምርኩዝ ሽማግሌ ፊቱ በራ።

«ሚዛኑ ተመልሷል! ዛሬም ሾርባው ማንኪያ ሊያቆም ነው።»

«አንተ ደግሞ» አለው ከኋላው የነበረ ጭነት ተሸካሚ፣ «አልገባህም? እሱ በመጣ ቁጥር ላንድ ቀን እንጠግብና ሦስት ቀን ከፊት፣ ሦስት ቀን ከኋላ ውኃ እየጠጣን እህሉን የምናዋጣው እኛው ነን። ባይመለስ ይሻለን ነበር።»

መርማሪው ወደ ድስቱ ሄዶ ጭልፋውን አወረደና አወጣው። ሾርባው እንደ ክር ወረደ። ጭልፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ አልተቋረጠም።

ዞር ሲል ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደዚያው የጎርፍ መስመር አዞረች። ጣሳዋን በነጠላዋ ሥር ደብቃለች። ጣሳውን የያዘችበት እጅ ላይ ግን ያቺ በጨርቅ የተጠቀጠቀች የብረት ቆብ ነበረች፤ ከሥራዋ ተነሥታ ስትመጣ ማውለቅ ዘንግታለች።

መርማሪው በሰልፉ መካከል አልፎ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ» አላት በዝግታ፣ «ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ሾርባው ወፍራም ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሲያወሩ።» አሁንም አልዞረችም። «አንተ ከሹማምንት ጋር ቆመህ እኔ ጣሳ ይዤ ፊትህ ልሰለፍ? የሚዛኑ አክስት ትለምናለች ሊሉህ?»

«ከዚህ በፊት በመጣሁባቸው ጊዜያትስ?»

«አንተ በመጣህ ቁጥር ቤቴ ነኝ፤ ቤት አጽድቼ እጠብቅህ የለ?»

ሌላው ሁሉ ውኃውን ጠጥቶ ጥጋቡን ለአንድ ቀን ቀምሷል፤ እሷ ግን ውኃውን ጠጥታ ጥጋቡን እንኳ አላየችውም። በየጉብኝቱ የእሱን ክብር የጠበቀችው በሆዷ ነበር።

በዚህ መካከል ሻምበሉ እያነከሰ ደረሰ። አላስተባበለም፤ አንገቱንም አልደፋም። በየወሩ የሚላከው እህል ከመጀመሪያውም የሚበቃው ለቀጭን ሾርባ መሆኑን ነገረው። እህሉ አነሰ ብሎ ለምን እንዳልጻፈ መርማሪው ቢጠይቀው መለሰለት።

«የላይኛው ከተማ ሹም ጽፎ ነበር፤ ክቡር መርማሪ። እርስዎ ደርሰው ቀጭን ነው አሉና ተዘጋ። ሕዝቡ የት ደረሰ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?»

አልጠየቀም ነበር። የመዘነው ሾርባውን እንጂ የሚጠጣውን ሰው አልነበረም።

«እኩሉ በመንገድ ቀረ። የደረሱት እነዚህ ናቸው» አለና ሻምበሉ በዘንጉ የሰልፉን ጅራት አሳየው።

መርማሪው ከአክስቱ እጅ ጣሳውን ወሰደ። ልቀቀው፣ ሰው ያያል ብላ ተሟገተችው፤ እሱ ግን ይየኝ አላትና ከጎኗ ተሰለፈ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ደረቱ ላይ የኮሚሽኑን ምልክት እንዳደረገ፣ ተራዋ እስኪደርስ ቆመ። ማንም አልሳቀበትም፤ ቢሳቁበት ይቀለው ነበር። ጨላፊውም ቀጭኑን ሾርባ ቀዳላትና ቀና ብሎ ሳያየው «ለክቡርነትዎስ?» አለው።

ዋናው ከተማ ሲመለስ የታዘዘውን የትምህርት ሰነድ ጻፈ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣቢያዎቹን አስቀድሞ የማስታወቁን ደንብ ያረቀቀው ራሱ መሆኑን፣ የላይኛው ከተማ ጣቢያም የተዘጋው በእሱ ቃል መሆኑን አሰፈረ፤ ቀጭን ሾርባ የሹም ጥፋት ነው ወይስ የእህል ማነስ ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩን፣ በዚህም ፍርሃት ሹማምንቱ ከተራበው ሕዝብ አፍ እየቀነሱ ለመርማሪው ዓይን ያበስሉ እንደ ነበር ጨመረበት። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰነድ ሊያቀርቡ ነው የመጡት ወይስ ራስዎን ሊከሱ?»

«ከመከራው የተገኘውን ትምህርት ጻፍ ተብዬ ነበር፤ ክቡር ሊቀመንበር። የተገኘው ይህ ነው።»

ሰነዱ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። የመጀመሪያው ገጽ አልነበረበትም፤ በቦታው የገባችው «ጉብኝት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ቢደረግ፣ ጉድለት ሲገኝም እህል ቢጨመር ይመረጣል» የምትል፣ ማን ምን እንዳጠፋ የማትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አክስቱ እስከ ሞተችበት ክረምት ድረስ ስለዚያ ሐሙስ አንድም ጊዜ አላነሣችበትም፤ እሱም ከዚያ ወዲህ በፊቷ ተቀምጦ ሲበላ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ታሪክ የያዘው የታተመውን ነው። ዛሬም በዚያ መጽሐፍ የትምባሆው መጋዘን ጣቢያ «አርአያ» ተብሎ ከሁሉ በላይ ተጽፏል፤ ከላይኛው ከተማ ተነሥተው በመንገድ የቀሩት ግን በአንድም ገጽ አልተጠቀሱም። ብቻ ከስድስት ዓመት በኋላ ዝናብ ቀርቶ ጣቢያዎች ዳግመኛ ሲከፈቱ፣ መርማሪዎች ቀድሞ ሳይነገር እየደረሱ ጭልፋ አወረዱ፤ ከግማሽ በሚበልጡት ጣቢያዎች ሾርባው እንደ ክር ወረደ፤ ለሁሉም እህል ተጨመረላቸው፤ አንድም አልተዘጋም።