ለሦስት የተቆረሰ ዳቦ

ሲኒት የሞተችው ነጠላዋን እንደተከናነበች ነበር። ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ማእድ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርራ፣ አጠገቧ የባሏ ሽጉጥ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ለሦስት የተቆረሰ ዳቦ አለ፤ የቀመሰው ግን የለም። ኢንስፔክተር ልዕልቲ የዳቦውን ቁራሾች ቆጠረች። አለቆቿ ግን «አብራት የምትኖረውን የአክስቷን ልጅ ደስታን እሰሪ» አሏት።

ምክንያት አላጡም። ደስታ የቤቱ ቁልፍ አላት። ሽጉጡ ደግሞ በአደራ የተቀመጠው አስታራቂው ጋሽ ገብረሃና ዘንድ ነበር፤ የእሳቸውን ቤት የምታጸዳው እሷ ናት።

አደራው የመጣበት መንገድ ያበሽቃል። ባሏ ግዛቸው «እገድልሻለሁ» ሲላት ሲኒት ከሰሰች። የመሣሪያ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሰውየውን ታሪክ ሲያጣራ ክሱ ገና አልደረሰውምና ፈቀደ፤ ግዛቸውም ሽጉጡን ገዛ። ክሱ ሲደርስ «ይወሰድበት» የሚል ትእዛዝ ሊወጣ ነው ተባለ። ሊወጣ ነው እንደተባለ ክረምቱ አለፈ። ሲኒት ቢጨንቃት ሽማግሌውን ለመነች፤ ግዛቸውም የሽማግሌ ቃል አልገፋምና አስረከባቸው።

ሬሳው እንደተነሳ ልዕልቲ ግዛቸውን፣ ደስታንና ጋሽ ገብረሃናን እዚያው ማእድ ቤት ሰበሰበች።

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ ግዛቸው።

«እኔማ ከታሰርኩ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አለቀለት» ደስታ አለቀሰች። «እህቴን ሳልቀብር ሊያባርሩኝ ነው።»

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች ልዕልቲ። «በሩ አልተሰበረም፤ የበሩን ሰንሰለት ከውስጥ የከፈተችው ሲኒት ራሷ ናት። ለግዛቸው ብቻውን ቢመጣ አትከፍትም። ለደስታ ትከፍታለች፤ ግን አብራት ለምታድር እህቷ ነጠላ አትከናነብም። ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ግን ትከናነባለች። አይደለም ጋሽ ገብረሃና?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጨመቁ።

«እርቅ ሲያልቅ ዳቦ የሚቆርሱት እርስዎ ነዎት። አንዱ ቁራሽ የእርስዎ፣ አንዱ የሲኒት። ሦስተኛውስ የማን ነው?»

«ታርቀው ነበር እኮ ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረሃና። «ጉልበቴን ስሞ አለቀሰ። የታረቀን ሰው አላምንህም ብዬ ንብረቱን ልከልክለው? ሽጉጡን ይዤለት መጣሁ። ባልና ሚስት ይጫወቱ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ተኩሱን ሰማሁ።»

«ደስታ ልትታሰር ስትልስ ለምን ዝም አሉ?»

«አፈርኩ።»

ግዛቸው አልካደም። «ክሱን አንሺ አልኳት፤ ሽጉጡ በመንግሥት እስኪወሰድ አላነሳም አለች» አለ ዳቦውን እያየ። ልዕልቲ በካቴና አሰረችው። ደስታ ነፃ ወጣች፤ ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

የበሩ ደወል ጮኸ። ደስታ ከፈተች። የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

«ቦንጆርኖ። የአቶ ግዛቸውን ሽጉጥ ልንረከብ ነው» አለ አንዱ ፈገግ ብሎ። «ለወይዘሮ ሲኒት ይንገሩልን፤ ትእዛዙ ወጥቷል።»

ደስታ እጇን ዘረጋች። እህቷ ስትጠብቀው የከረመችውን ወረቀት ተቀብላ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው።