የአባባ ኑማታ ትንፋሽና የሸክላው ሁለተኛ ገጽ

እኔ ኩሺዳ ጉረኛ መሆኔን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ትንሽ ዓሣ ባጠምድ፣ ቤት እስክደርስ ሻርክ አደርጋታለሁ። እዚህ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም... ከእውነቱ የሚቀል ውሸት ባገኝ ደስታዬ ነበር።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሃማማትሱ ከተማ ዳር፣ እቤቴ።

እንደኔ ያለ የሙዚቃ ክፍል በጃፓን የለም። ካለም ባለቤቱ ደብቆታል። ስፒከሮቼ ቁመታቸው እኔን ያህላል።

ችግሩ መብራቱ ነው። ቆሻሻ ነው፤ የማይፈለግ ድምፅ ይዞ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል።

ዘፋኟ ፋታ በወሰደች ቁጥር... ዝዝዝዝ...

ማጣሪያ ገጠምኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ሶኬቱን ገልብጬ ሰካሁ።

ዝዝዝዝ።

እንደኔ በዚህ ያበዱ ሰዎች ደጃቸው ላይ የግላቸውን የመብራት ምሰሶ ከነትራንስፎርመሩ ያስተክላሉ። እኔም ላስተክል ስል ባለቤቴ ቺዙሩ "ወይ ምሰሶው፣ ወይ እኔ!" አለች። ትንሽ አሰብኩበት። ማሰቤን አይታ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

በመጨረሻ የድምፁን ምንጭ ደረስኩበት። ጎረቤቴ አባባ ኑማታ ናቸው። አንድ ትራንስፎርመር እንጋራለን። ሳንባቸው ስለደከመ ኦክስጅን የሚያመርትላቸው ማሽን ቀን ከሌት ይሠራል።

ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ይዤ ሄድኩ። ሚስታቸው እማማ ፉሚኤ ገበያ ወጥተዋል።

"አባባ፣ ማሽኑን ለአንድ የሸክላ ገጽ ያህል ላጥፋው? ሲወጡ የሚይዟትን የኦክስጅን ሲሊንደር ልግጠምልዎ።"

"እሷ እኮ ልታልቅ ነው።"

"ገጹ እንዳለቀ ሮጬ መጥቼ አበራዋለሁ።"

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። "ከኔ ሳንባ ያንተ ጆሮ ብሷል ልጄ። ሂድ በል... እንዳትዘገይ።"

ሲሊንደሯን ገጠምኩላቸውና ማሽኑን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ቤቴ ገብቼ መርፌውን አሳረፍኩ።

ያ ጸጥታ! ዘፋኟ አጠገቤ ቆማ ምራቋን ስትውጥ ሰማኋት።

ገጹ አለቀ። ተነሳሁ።

እጄ በሩን መክፈት ነበረበት... ሸክላውን ገለበጠ።

"አንድ ዘፈን ብቻ" አልኩ ለራሴ።

ዘፈኑ አልቆ ሌላው ሳይጀምር... ትንፋሽ።

አጭር። እርጥብ።

ዘፋኟ ናት አልኩ። ቀጣዩ ዘፈን ጀመረ። እሷ እየዘፈነች ትንፋሹ ከሥር ቀጠለ።

መርፌውን አነሳሁ። ዘፈኑ ቆመ።

ትንፋሹ አልቆመም።

አምፕሊፋየሩን አጠፋሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። የስፒከሩ ጨርቅ ይነፋል... ይሟሽሻል... ይነፋል...

ቺዙሩ ከኩሽና ብቅ አለች። በሹክሹክታ "ማነው እንዲህ የሚያቃስተው?" አለችኝ።

ጨርቁ አንዴ ተነፋ... እንደተነፋ ቀረ።

ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ።

አባባ ኑማታ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲሊንደሯ ባዶ ናት። ማሽኑን አበራሁ፤ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረግኩ።

"አባባ... እባክዎ... እባክዎ..."

ደረታቸው ከፍ አለ።

ያኔ እማማ ፉሚኤ ደረሱ። ዘንቢሉን ለቀቁትና ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ሰገዱልኝ። ለእኔ!

"ልጄ ኩሺዳ፣ አንተ ባትደርስ ምን ይውጠኝ ነበር!"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ማለት ነበረብኝ። ያ ሲለፈልፍ የሚውል አፌ ተለጎመ። እስከዛሬ ሰፈሩ ጀግናው ይለኛል። እኔም እንዲህ ብለው ሰላም ባሉኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ያን ዕለት አባባም አላጋለጡኝም። በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

"ለምን... አቋረጥከው?"

"ምኑን አባባ?"

"ዘፈኑን።"

ቱቦውን ከአፍንጫቸው አውጥተው ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

ቀዝቃዛ አየር... ከአየሩ ጋር፣ ከሩቅ፣ ያቺ ሴት። መርፌውን ካነሳሁባት ቃል ቀጥላ እየዘፈነች... ጥርት ብላ።