እብነ በረድ የተባለው ዓምድ

«ወንድምሽ የሰገነቱን መደገፊያ ብረት ራሱ አላልቶ ራሱ ወደቀ። ይህን ብቻ ተናገሪ» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ወንድሜ ያላላውን ሳያጠብቅ የሚሄድ ሰው አልነበረም።»

«የኔ እህት፣ ሬሳ መልስ አይሰጥም።»

ወንድሟ፣ አርክቴክቱ፣ የሞተው ሥዕል ከሚሰቀልበት ሰገነት ወደ ኮንሰርት አዳራሹ ወድቆ ነው። አሮጌውን ሕንፃ እንዲያድስ የተቀጠረው እሱ ነበር፤ በነጋታው ደግሞ የምሥረታ በዓሉ ይከበራል። ጥፋቱ በሟች ላይ ከተላከከ በዓሉ አይስተጓጎልም። የእህቱ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ የወንድሟ ስም አብሮት እንዳይቀበር።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ሕንፃው የሚያውቀው ቁልፎቹ የት እንደሚሰቀሉ ብቻ ነው። ታሪኩን የሚያውቁት የአርክቴክቱ የቀድሞ መምህር፣ ፕሮፌሰሩ ነበሩ። ስለ ዓምዶቹ እብነ በረድ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ መጽሐፉም በበዓሉ ላይ እንደገና ሊመረቅ ነው። አሁን ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ከፊተኛው ወንበር ሆነው ጠቡን እንደ ሰለቸው ተመልካች ያዩታል።

«ልጄ፣ አዝናለሁ» አሏት። «ዓምዶቹ እንጨት ናቸው እያለ ሲቃዥ ነበር። ከኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀለም ፍቆ የዕድሜ ልክ ጥናት ሊያፈርስ!»

ጥግ ላይ የቆመችው መርማሪ ፖሊስ ቀና ብላ አየቻቸው። ቀደም ብላ ስትጠይቃቸው ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ሰገነቱን ረግጠው እንደማያውቁ ነግረዋት ነበር። ሥራ አስኪያጁም የምሳውን ሰዓት በሙሉ መግቢያው በር ላይ ነበርኩ ብሏታል። መብራት ሰቃዮቹ ጆሯችን ምስክር ነው አሉ፤ ሲጮህባቸው ነው የዋለው።

ከአርክቴክቱ ጋር ይሠሩ የነበሩትን ሁለት ለሳኞች አስከትላ ወደ ሰገነቱ ወጣች። አርክቴክቱ ምሳ ሲወጡ «እስክትመለሱ ዓምዱን ፍቄ አየዋለሁ» ብሏቸው ነበር፤ ሲመለሱ ወለሉ ላይ አገኙት። የተፋቀውን እነሱም ያዩት ገና አሁን ነው። በዓምዱ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል፣ ትንሽ የተፋቀች ቦታ አለች፤ ከቀለሙ ሥር ኖራ፣ ከኖራው ሥር እንጨት። ለሳኞቹ ተያዩ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መደገፊያውን ከዓምዱ ጋር አስረውት የነበሩትን ብሎኖች አነሳች።

ከዚያ ሁሉንም መድረኩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኖቹን ማንም አልፈታቸውም» አለች። «በጥርሳቸው የእንጨት ፍርፋሪ ይዘው ነው የተነቀሉት። ሟችም የወደቀው በጀርባው ነው። ወደ ታች ሊያይ ያጎነበሰ ሰው በጀርባው አይወድቅም። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ገፍቶታል።»

«ማን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ፕሮፌሰር፣ ሰገነቱን ካልረገጡ፣ የተፋቀው ከኋላ መሆኑን፣ ጥፍር ማከሉን ማን ነገረዎት?»

«ሠራተኞቹ ናቸዋ።»

«ሠራተኞቹ ያዩት አሁን ከእኔ ጋር ነው።»

እህትየው ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። ልጅ ሳለች ከወንድሟ ሰምታ «ጋሼ» ስትላቸው ያደገች ናት። አሁን ምንም ብላ አልጠራቻቸውም።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ደጋግመው ወለሉ ላይ መቱ። «ጠርቶኝ ነው የወጣሁት። ‹ጋሼ፣ ነገ በሰው ፊት ከሚሰሙት ዛሬ ለብቻዎ ይዩት› አለኝ። ሊያዝንልኝ! ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንዴ ነው የገፋሁት። ብረቱ ይይዘዋል ብዬ።»

«ብረቱ የታሰረው እብነ በረድ ላይ ቢሆን ይይዘው ነበር» አለች መርማሪዋ። «የራስዎን መጽሐፍ አምነው ነው የገፉት።»

ፕሮፌሰሩን ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አስነሷቸው። ከአፋቸው የወጣው ነገር ጉልበታቸውን እንዲጠነቀቁላቸው ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን ጥግ ይዞ፣ ለነገ የታተመው ወረቀት ላይ እብነ በረድ የሚለው እንዳለ ቢቀር፣ እንግዶቹም ዓምዱን ባይነኩ ምን ችግር እንዳለው ይከራከራት ጀመር። ለሳኞቹ ዓምዱን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ። እህትየው ወንድሟ ዓምዱን የፋቀበትን፣ አብሮት ወድቆ ወንበር ላይ የቀረውን መፋቂያ አነሳች፤ ኖራውን በቀሚሷ ጠረገችው፤ በጎን በር ወጣች።

«ቢያንስ እስከ ነገ ማታ» ይላል ሥራ አስኪያጁ።