ሃምሳ ኪሎ አሸዋ

በዕድሜዬ ሙሉ በደንብ ያወቅኩት አንድ መኪና ብቻ ነው። እሷን ግን ከነድምፅዋ አውቃታለሁ፤ ዛሬም በሕልሜ እየጮኸች ትመጣለች።

ሁለት በር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች። ባለቤቷ አገር ጥሎ ሲሄድ መንግሥት ወረሳት፤ ከመንግሥት ደግሞ ጓድ ፋንታሁን ወረሳት። ጓድ ፋንታሁን በ1970 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰው የሚያስርና የሚፈታ ካድሬ ነበር፤ ይበልጡን የሚያስር። የመኪናዋ ሞተር አነሰኝ አለና ባለ ስድስት ሲሊንደር አዲስ ሞተር፣ በእንጨት ሳጥን እንደታሸገ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጣ። ለሚያዝያ 23 የወዛደሮች ቀን ሰልፉን ከፊት ሆኖ ሊመራባት ነው።

ሞተሩን ከሳጥኑ ሲያወጡት ሰንሰለቱ ተንሸራቶ የመካኒኩ ሁለት ጣቶች ተጨፈለቁ። ያን ቀን ሆስፒታል ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። ወርቅውሃ እባላለሁ።

መካኒኩ ቢሻው ይባላል፤ እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያለው፣ ከሲታ፣ ዝምተኛ ወጣት። ጣቱን ስሰፋው አላቃሰተም። ዓይኑን ግን ከፊቴ አልነቀለም።

«ወደ ጣትህ ተመልከት እንጂ» አልኩት።

«ጣቴንማ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጓድ ፋንታሁን ገባ። «ሞተሩ ተጎዳ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። አለመጎዳቱን ሲሰማ ለቢሻው የጻፍኩበትን የመድኃኒት ፖስታ ከጠረጴዛው አንሥቶ እያገላበጠ ያነበው ጀመር። «ጧትና ማታ አንድ አንድ» ነበር የሚለው። ይህን ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

«ሲስተር፣ እጅ ጽሑፍሽ ሸጋ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «የት እንዳየሁት ነው የጠፋኝ።»

እኔ ግን አልጠፋኝም። ቁስቋም ሰፈር ከካድሬዎች ተደብቀው ለነበሩ የቆሰሉ ልጆች በስውር የምልከው መድኃኒት በእንዲህ ያለ ፖስታ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ባለፈው ሳምንት ከቤት እንደተወሰደ አልተመለሰም። ፋንታሁን ከወጣ በኋላ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ቢሻው በደህና እጁ አንሥቶ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉን ላስጠርግ እያለ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ጀመር። ቁስሉ ደረቀ፤ እሱ መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን እኔው ራሴ ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ወደድኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆማለች።

«አዲሱ ሞተር ከድሮው በሰማንያ ኪሎ ይከብዳል» አለኝ። «ፊቷ ሲከብድ ኋላዋ ቀለለ፤ ኩርባ ላይ ጭራዋ ይሸሻል። ለዚህ ነው አሸዋ የጫንኩባት።» የኋላውን ኮፈን ከፍቶ አሳየኝ። ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ አሸዋ የያዙ ሁለት ትልልቅ የጥጥ ጆንያዎች ተጋድመዋል። «የሚያስፈራኝ ግን ፍሬኑ ነው። የድሮው ፍሬን ይህን ሞተር አያቆምም።»

«ምነው ታዲያ አትነግረውም?»

«ነገርኩት። አብዮቱ ወደ ፊት እንጂ መቆም አያውቅም አለኝ።»

አዲስ ሞተር ደግሞ ሮዳጅ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር ሳያስጮኹት ቀስ እያሉ ማለማመድ ነው። የደባርቅ መንገድ በውጊያ ስለተዘጋ ቢሻው የይለፍ ወረቀት የተሰጠው ወደ አይከል ነበር። ደርሶ መልስ ስምንት ጊዜ ይሄዳል። አዘዞ ኬላ ላይ አለነ የሚባል የገጠር ሚሊሺያ ይፈትሸዋል። አለነ በመጀመሪያው ቀን ጆንያዎቹን በሳንጃ ወጋቸው። በሁለተኛው እጁን ከቶ ዳበሰ። ከአራተኛው ወዲህ እጁን አውለብልቦ ያሳልፈው ጀመር።

ከስድስተኛው ጉዞ ማግሥት ቢሻው ሆስፒታል መጣና በሩን ዘጋው።

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ምነው፣ በግ ልትገዛ ነው?»

አልሳቀም። ያኔ ፊቱን ልብ ብዬ አየሁት፤ አመድ መስሏል።

«ፋንታሁን ትናንት መኪናዋን ሊያይ መጥቶ ነበር። ጽሑፍሽን የት እንዳየው ትዝ ብሎታል። ከበዓሉ በፊት እጨርሰዋለሁ አለ። ስንት ኪሎ ነሽ፣ ወርቅውሃ?»

«አርባ ሰባት።»

«ሦስት ኪሎ ስንቅ ያዢ።»

ገባኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አንተስ?» አልኩት።

«ሰባተኛው ጉዞ ያንቺ ነው፤ ስምንተኛው የእኔ። ወደ ሱዳን መንገድ የሚያሳየን ሰው እስኪገኝ ቀናት ይፈጃል። መኪናዋ በሰዓቷ ካልተመለሰች ደግሞ በዚያው ምሽት አገሩን ያስሱታል። ተመልሼ ማስረከብ አለብኝ።»

ማክሰኞ ጧት አንዱ ጆንያ ውስጥ ተኮርምቼ ተኛሁ። ለእጅ እንዲሰማ ትንሽ አሸዋ ከላዬ ነሰነሰብኝ። ጨለማው የጥጥና የቤንዚን ሽታ ነበረው። አዘዞ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች፤ ኮፈኑ ተከፈተ።

«አያ ቢሻው፣ ይቺን አሸዋ ዛሬም ታንሸራሽራታለህ?» የአለነ ድምፅ ነው።

«ለምዳብኛለች።»

ከባድ መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈ። አልተነሣም። ትንፋሼን ውጬ የእመቤታችንን ስም በልቤ ስጠራ እጁ ዝም ብሎ እዚያው ቆየ።

«በል እለፍ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። አውቆ ይሆን? ዛሬም ድረስ አልገባኝም።

አክስቴ ለተ ማርያም የምትኖረው ከአይከል አልፎ፣ የጓንግን ወንዝ ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ ነው። ወንዙ ዳር አወጣኝ። የወጣሁበት ጆንያ ባዶውን መመለስ አይችልም፤ ተንበርክከን በእጃችን አሸዋ እንሞላው ጀመር።

«ይኼ እኮ ነጭ ነው» አልኩ ደንግጬ። ከጎንደር ያመጣው የአንገረብ አሸዋ ጥቁር ነው።

ቢሻው ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። ከዚያ ከሌላኛው ጆንያ ጥቁሩን ቀንሰን ከነጩ ላይ አለበስነው፤ የጎደለውን ደግሞ ከሥሩ በነጭ ሞላን። አፉን ለሚከፍት ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሥራው ሲያልቅ አሸዋ የለበሱ እጆቹን ይዤ አልለቀቅኩም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። «ድምፅዋን ታውቂዋለሽ። እኔ ስነዳት ታንሾካሹካለች። ከጮኸች ግን የሚነዳት እኔ አይደለሁም፤ ወደ ጫካው ሩጪ።»

ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። ድምፅዋ ኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

ሦስቱ ቀናት እንዴት እንዳለፉ አልናገርም። መንገድ የሚያሳየው ሰው ተገኘ፤ የአክስቴ በቅሎ ተጫነች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሩቅ ሞተር ሰማሁ።

ትጮኻለች።

«ሩጪ፣ ልጄ!» አለችኝ አክስቴ እየገፋችኝ። እግሬ እምቢ አለ። እሱ ካልነዳት እሱ የት ነው?

ቀይዋ ወደ ጓንግ የሚወስደውን ቁልቁለት አቧራ እያስነሣች ወረደች። ኩርባው ላይ ፍሬኗ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት። አልቆመችም። ከመንገዱ ወጥታ ተገለበጠች፤ በመጀመሪያው ግልብጥ የኋላ ኮፈኗ ተከፍቶ ጆንያዎቹ ተወረወሩ። እሷ እየተንከባለለች ከወንዙ ድንጋይ ጋር ተላተመች። ከዚያ ፀጥ አለ።

ሮጥኩ፤ ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ወንዙ። መሪው ላይ ያለው ጓድ ፋንታሁን ነበር። ነርስ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ማየት በቃኝ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«ቢሻው!» ብዬ ጮኽኩ። «ቢሻው!»

አሸዋው ላይ ከወደቁት ጆንያዎች አንዱ ተንቀሳቀሰ።

ገመዱን በጥርሴ ነው የፈታሁት። እጁ ወደ ኋላ ታስሯል፤ ፊቱ በዱላ አብጧል፤ ትከሻው ወልቋል። አፉ የሞላውን አሸዋ ተፋና አየኝ።

«ፍሬኑን ነግሬው ነበር» አለ።

አቅፌው ሳለቅስ በዚያው መሳቅ ጀመርኩ። ትከሻውን እዚያው መለስኩለት፤ ያን ጊዜ ግን አቃሰተ።

ነገሩን በቅሎ ላይ ሆኖ ነገረኝ። ፋንታሁን መኪናዋ ለሰልፉ ቀለል እንድትልለት ብሎ አንዱን ጆንያ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ይደፋዋል፤ ከጥቁሩ ሥር ነጭ ይወጣል፤ ጆንያው መንገድ ላይ ተራግፎ ሌላ አሸዋ እንደተሞላበት ይገባዋል። እኔ ከጠፋሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ሆስፒታል ሄዶ የቅጥር ቅጼን ያስወጣል፤ ከ«የቅርብ ዘመድ» ትይዩ «ለተ ማርያም፣ ጓንግ ዳር» ይላል። በዚያው በሸጋው ጽሑፌ የሞላሁት ነው። ቢሻውን አስደብድቦ ባዶው ጆንያ ውስጥ አሰረው። «እሷን እንደወሰድካት፣ ጆንያ ውስጥ ሆነህ ትወስደኛለህ» አለው። አጃቢዎቹ በላንድሮቨር ተከተሉት፤ ነገር ግን ያን ሞተር ማን ይደርስበታል? እነሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንዙ ጋ ሲደርሱ እኛ ከአክስቴ ጋር ጫካው ውስጥ ገብተን ነበር። ያን አንድ ሰዓት የሰጠን ራሱ ያስመጣው ሞተር ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ተጋባን። አገር ሲረጋጋ ወደ አራዳ ተመልሰን ጋራዡን ከፈትን። አለነን አፈላልገን አላገኘነውም፤ ኬላው ላይ የነበሩትን ሁሉ እንደወሰዷቸው ነው የሰማነው። እኔ ግን መዳፉ ዛሬም ጀርባዬ ላይ አለ።

ሌሊት መንገድ ላይ ሞተር ሲጮህ ሁለታችንም እኩል እንነቃለን። ቢሻው በጨለማው ውስጥ እጄን ይፈልጋል።

«ስንት ኪሎ ሆንሽ?» ይለኛል።

«ሃምሳን ካለፍኩ ቆየሁ።»

«እንግዲያው የትም አትሄጂም» ይልና ተመልሶ ይተኛል።