ከድልድዩ በላይ ያለው ኩርባ

«ዛሬ እኔም ፍሬን አልነካም» አለች ብሪቱ፣ የሄልሜቷን ማሰሪያ አገጯ ሥር እየቆለፈች።

ሃኒ የምትበላውን ማንጎ ከአፏ አወረደች። «የት ጋ?»

«የት ጋ ትላለች እንዴ! ከድልድዩ በላይ ያለው ኩርባ ላይ ነዋ። ሐሙስ ዕለት ያልሽኝን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ችግሩም እሱ ነው።

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከረጅሙ ቁልቁለት አናት፣ ስምንት ሴት ልጆች ብስክሌቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተውላቸዋል። ከማሟሟቂያው በኋላ እያንዳንዷ ብቻዋን ትወርዳለች፤ ሰዓት ይያዝላታል። ለክልሉ ቡድን የምትመረጠው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የሚጠበቁት ደግሞ ሁለቱ ናቸው፣ ወይ ሃኒ ወይ ብሪቱ።

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሃኒን ያልመከራት ሰው የለም። ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት ላይ ወጥተው የማያውቁት አባቷ እንኳ ከሰፈራ መንደሩ ከአምባ አሥራ አራት እየደወሉ «ልጄ፣ ቁልቁለቱ ላይ ወርደሽ ግፊው» ይሏታል። ባለሱቁ ጌትነት ሳሙና ሲሸጥላት ሳይቀር ስለ ጎማ ንፋስ ያስተምራታል። ሲያናድድ! በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እኮ ወንዶቹን ጨምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀደማት የለም።

ሜዳው ላይ ዓርብ ዓርብ አሸዋ የተሞሉ አሥራ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ይደረደራሉ። ተወዳዳሪው በመሀላቸው እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ጀሪካን ከነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ሃኒ መታጠፊያው መሀል ላይ የኋላ ፍሬኗን ጭምድድ አድርጋ ስትይዝ ጎማው ቀዩ አፈር ላይ ይንሸራተትና ብስክሌቱ ራሱ ይዞርላታል። አቧራው ይነሳል፣ ተማሪው ይጮኻል።

አስፋልቱ ላይም በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ሞከረች። ጎማው ግን አፈሩ ላይ እንደለመደው ተንሸራቶ አልዞረላትም፤ ይዟት ወደ ድልድዩ የሲሚንቶ አጥር በረረ። በስንት ጭንቅ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ከላይ ጀምራ ፍሬን እየያዘች መውረድ ሆነ ሥራዋ። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ እንደገና አራተኛ።

መፍትሔውን የነገሯት አሰልጣኝ ማህጁብ ናቸው። የመንጌ ሰው ናቸው፤ አማርኛ አፍ የፈቱበት ስላልሆነ ሲናገሩ ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ሜዳ ዓይን አስተምሮሃል» አሏት። «አንድ ጀሪካን ስታልፍ፣ ዓይን ሦስተኛው ጋ ነው። እሱን ውሰድ። ሜዳ እጅም አስተምሮሃል፤ ኩርባ ውስጥ ፍሬን። እሱን እዛው ተው፣ ኸላስ! እዚህ ፍሬን ከኩርባ በፊት ነው። ጀሪካን ይወድቃል። ድልድይ አይወድቅም።»

ለካ እውነታቸውን ነው። ሐሙስ ዕለት በልምምድ ላይ፣ ከኩርባው በፊት ያለው ነጭ ቀለም የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ጋ እስክትደርስ ፍሬን ሳትነካ ወረደች። ድንጋዩ ጋ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠበቅ አድርጋ ያዘች፣ ኩርባው ሳይጀምር ለቀቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ከድልድዩ ማዶ ተክላ ታጠፈች። አንደኛ ወጣች!

ልጆቹ ከበቧት። «እንዴት አድርገሽ ነው?» አለች ብሪቱ።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሃኒ የድንጋዩን ነገር መናገር አልፈለገችም፤ መመካት ደግሞ አማራት። «ፍሬን የሚይዘው ፋራ ነው። እኔ እዚያ ጋ ጭራሽ አልነካም» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው ዛሬ ብሪቱ ቃሏን ይዛ መጣች።

«ብሪቱ፣ ስሚኝ» አለች ሃኒ ማንጎውን ጥላ። «ውሸቴን ነው። ፍሬን እይዛለሁ። ሳትይዢ ብትገቢ አጥሩ ላይ ነው የምትለጠፊው።»

ብሪቱ ሳቀች። «ያ ረቢ! ምርጫው ሲደርስ ፍሬን መያዝ ጀመርሽ? ሙድ አትያዢብኝ።»

«በማርያም እውነቴን ነው!»

«ስለ ጭቃውም በማርያም ብለሽኝ ነበር።»

ሃኒ ታሪኩ ትዝ አላት። ባለፈው መጋቢት፣ በጀሪካኖቹ ውድድር ቀን፣ «ወዲያኛው ጫፍ ጭቃ ነው፣ ቀስ በይ» ብላት ነበር። ጭቃ አልነበረም። ብሪቱ ቀስ ብላ ተሸነፈች፤ ያኔ አብረው ስቀውበታል። አሁን አላሳቃትም። ውሸቷን ያመነች ልጅ እውነቷን ስትነግራት አላምንም ማለቷ አንጀቷን አሳረረው።

ወደ አሰልጣኙ ሮጠች። «አሰልጣኝ፣ እባክዎ ይንገሯት! ኩርባው ላይ ፍሬን አልይዝም እያለች ነው።»

ማህጁብ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። «አስር ጊዜ ነገርኩት። ብሪቱ እኔን አይሰማም። አንተን ነው የሚሰማው፣ ወላሂ።»

ይህ ደግሞ ከምክሩ ሁሉ የባሰ አናደዳት፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ።

ወደ ብስክሌቷ ተመለሰች። ነግሬያታለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አለች በልቧ። ጆሮ ካላት ትስማ። ደግሞ ብሪቱ ብትደነግጥና ብትዘገይ ቦታው የማን ነው? የእኔ! ነገሩ ለጊዜው ደስ የሚል መሰላት። ግን ቁልቁለቱን ቁልቁል ስታይ የሲሚንቶው አጥር ታያት፤ በጎኑ ያለፈችበት ቀን ክርኗን የላጠው ቦታ እስካሁን አልዳነም። እኔን ብላ እኮ ነው የምትገባው፣ አለች።

በማሟሟቂያው ልታደርግ ያሰበችው ሌላ ነበር። ድንጋዩን ማንም እንዳያውቅባት ከላይ ጀምራ ፍሬን እየያዘች ልትወርድ ነበር።

«ብሪቱ!» ብላ ጮኸች። «ከኋላዬ ሁኚ። እንድታምኚኝ አልለምንሽም። ጣቶቼን ብቻ እዪ።»

ብሪቱ አፍጥጣ አየቻት። «የምትይዢበትን ቦታ ልታሳዪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ባሸንፍሽስ?»

«አቦ፣ አፍሽን ዝጊና ተከተዪኝ!»

ወረዱ። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ያፏጫል። ነጩ ድንጋይ ሲቃረብ ሃኒ ከኋላ እንዲታይ ብላ የሁለት እጆቿን ጣቶች ከመሪው ላይ በተን አደረገች፤ ከዚያ ፍሬኖቹ ላይ ሰበሰበቻቸው። ያዘች። ወዲያው ከኋላዋ የብሪቱ ፍሬን ሲጮኽ ሰማች። ለቀቀች፤ ታጠፈች፤ ድልድዩን ተሻገረች።

ማዶ ላይ ሲቆሙ ብሪቱ ፊቷ አመድ መስሏል። ዞር ብላ ኩርባውን አየች። ቀጥሎ ደግሞ አጥሩን አየችው።

«እዚያ ጋ ባልይዝ ኖሮ…»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ከአናቱ ላይ የማህጁብ ፊሽካ ተሰማ፤ ውድድሩ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሃኒ ብስክሌቷን አዙራ ዳገቱን ተያያዘችው። ጭኖቿ ከአሁኑ መቃጠል ጀምረዋል፤ አናቱ ላይ ደርሳ እግሯን ዘርግታ ውሃ ልትጠጣና ልታርፍ ነው ሐሳቧ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ብሪቱ እጇን ያዘቻት። «ሃኒ፣ የያዝሽበትን አየሁ። የለቀቅሽበትን ግን አላየሁም፣ ፈጠንሽብኝ።» ትንሽ አቅማማች። «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ።»

ሃኒ ዳገቱን አየች። አንድ ጊዜ ደግማ ወርዳ ከወጣች ለውድድሩ እግር አይተርፋትም። ብሪቱም ይህን ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ዓይኗን የሰበረችው።

«ደግሞ አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች ሃኒ በንዴት። የውሃ ኮዳዋን መልሳ ብስክሌቱ ላይ ሰካችው። «ጠጋ በይ። ከጎማዬ እንዳትርቂ።»